እጆቼ የተቆለፉበት ቅዳሜ

እጆቼ አልታዘዝ ያሉኝ በ15ኛው ደቂቃ ገደማ ይመስለኛል። መጀመሪያ ከንፈሬ ዙሪያ ጉንዳን የሚርመሰመስ መሰለኝ፤ ቀጥሎ የጣቶቼን ጫፍ ወረረኝ። ከዚያ አውራ ጣቴ ወደ መዳፌ ገባ፣ አራቱ ጣቶቼ ተገጣጥመው ቀጥ አሉ፣ አንጓዬም ወደ ውስጥ ታጠፈ። ልዘረጋቸው ሞከርኩ፤ እምቢ አሉ። ዓይኔ ተሸፍኗል፣ ከበሮው ጆሮዬ ሥር ይደልቃል፣ ግራና ቀኜ የማላውቃቸው ሰዎች እንደ ወናፍ ያናፋሉ። የአስም መድኃኒቴ፣ ያቺ ትንሽዬ ሰማያዊ ኢንሄለር፣ ከቀኝ እጄ አንድ ስንዝር ርቃ ምንጣፉ ላይ ተቀምጣለች። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የበራልኝ፦ ብትፈለግ እንኳ ላነሳት አልችልም።

አጀማመሬን አይታችሁ ላወግዝ የመጣሁ አይምሰላችሁ። ተመልሼ ሄጃለሁ። ነገር ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ብሬዝወርክ፣ ማለትም ወደ ትንፋሽ ልምምድ፣ የሚሄድ ሰው ስለ ሙዚቃው፣ ስለ ሻማውና ስለ እንባው ብዙ ይነገረዋል፤ ስለ እጁ ግን የሚነግረው የለም። እኔን ያልነገረኝ የለም ማለቴ ነው፤ እኔ ደግሞ ሳይነገረኝ ማወቅ የነበረብኝ ሰው ነበርኩ።

ባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። 19 ዓመት ሙሉ ሳንባን በሰሌዳ ላይ ስስል ኖሬአለሁ፤ ቀኙ ሦስት ክፍል፣ ግራው ሁለት፣ ከሥሩ እንደ ጃንጥላ የተዘረጋው ድያፍራም። ታናሽ እህቴ አንድ ቀን «አንቺ ስለ ሳንባ ታወሪያለሽ እንጂ ሳንባ እንዳለሽ አታውቂም» አለችኝ። እሷ ከዚያ በፊት ሦስት ጊዜ ሄዳ ነበር፤ በየጊዜው እንደ ታጠበ ብርጭቆ ጠርታ ስትመለስ አይቻታለሁ። አባባሏ ግን አበሸቀኝ። የሄድኩትም ስለ በሸቅሁ ነው።

ብሬዝወርክ በሚለው አንድ ስም ሥር እርስ በርሳቸው የማይመሳሰሉ ነገሮች ተጠቃለዋል። ዝግ ብሎ፣ በደቂቃ ስድስት ጊዜ ያህል፣ በአፍንጫ መተንፈስም ብሬዝወርክ ይባላል፤ ለረጅም ጊዜ በፍጥነትና በጥልቀት፣ በማስገባትና በማስወጣት መካከል ሳያርፉ መተንፈስም ያው ነው። የእኔ ሁለተኛው ዓይነት ነበር። ይህኛው ዘር ማንዘሩ ብዙ ነው፤ በሰፊው ከሚታወቁት አንዱን በ1970ዎቹ አጋማሽ ያበጁት በፕራግ የተወለደው የአእምሮ ሐኪም ስታኒስላቭ ግሮፍና ባለቤቱ ክሪስቲና ናቸው። ግሮፍ ቀደም ሲል ኤልኤስዲ የተባለውን ንቃትን የሚለውጥ ንጥረ ነገር በሕክምና ሲመረምር የኖረ ሰው ነው፤ ንጥረ ነገሩ በሕግ ሲታገድ ያለ መድኃኒት ወደዚያው የንቃት ሁኔታ የሚያደርስ መንገድ ፈለገ፤ ያገኘውም ትንፋሽን ነው። ይህን ማወቅ ይጠቅማል። ስሙ «የመተንፈስ ልምምድ» ስለ ሆነ ብቻ እንደ ጠዋት ስፖርት የሚያዩት አሉና።

ቀጠሮውን ስይዝ መልእክት መጣልኝ፦ ከመምጣትዎ በፊት ባሉት ሁለት ሰዓታት ከባድ ምግብ አይብሉ፣ ልቅ ልብስ ይልበሱ፣ በዓይንዎ ውስጥ የሚገባ መነጽር ካለ ያውልቁ። ሁለቱን አከበርኩ፤ ሦስተኛው አይመለከተኝም። መልእክቱ ያልጠቀሰውን እኔ ልጨምር፦ ሽንት ቤት ሁለት ጊዜ ሂዱ። በ30ኛው ደቂቃ ነፍሳችሁን ልታገኟት ስትቃረቡ ፊኛችሁ ቀድማ እንዳትገኝ።

ከመልእክቱ ጋር ስለ ጤና የሚጠይቅ ቅጽ ነበረ። አስም እንዳለብኝ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ እንደ ሆነና ኢንሄለር እንደምይዝ ጻፍኩ። ማንም አላነበበውም። ይህን የምለው በግምት አይደለም፤ ስደርስ አስተባባሪዋን «አስም እንዳለብኝ አይታችኋል?» ብዬ ስጠይቃት ፊቷ ላይ የታየው መገረም መልስ ነበር። ልጅቱ ሠላሳዎቹ ውስጥ ያለች፣ ድምፀ ለስላሳ፣ ባዶ እግሯን የምትሄድ ሴት ናት። «ይቅርታ፣ እንኳን ነገሩኝ። ኢንሄለሩን አጠገብዎ ያድርጉት፣ ከሌላው ሰው ቀስ ብለው ይተንፍሱ፣ ከከበደዎት በአፍንጫዎ ብቻ ይቀጥሉ» አለችኝ። ምክሩ መልካም ነው። ችግሩ እኔ ባልጠይቃት ኖሮ ምክሩ ባልመጣ ነበር። ቅጽ አስሞልቶ አለማንበብ ካለማስሞላት ይብሳል፤ ሞላሁ ያለ ሰው ተነግሮልኛል ብሎ ይዘናጋል።

ክፍሉ ውስጥ 14 ነበርን። ምንጣፎቹ ራስጌያቸው ወደ መሀል፣ ግርጌያቸው ወደ ግድግዳ ሆኖ እንደ ፀሐይ ጨረር ተደርድረዋል። ለየአንዳንዳችን ትራስ፣ ብርድ ልብስና የዓይን መሸፈኛ ተቀምጦልናል። ብርድ ልብሱን አይቼ «በዚህ ሙቀት!» ብዬ ነበር፤ በኋላ እስከ አገጬ ድረስ ሳብኩት። አንድ ነገር በጣም ወደድኩላቸው፦ ከምንጣፉ ራስጌ አንድ ፊቷ ነጭ ሌላ ፊቷ ቀይ የሆነች ካርድ አለች። በልምምዱ መሀል አስተባባሪዋ ትከሻችሁን ወይም ሆዳችሁን በእጇ እንድትነካ ከፈቀዳችሁ ነጩን፣ ካልፈቀዳችሁ ቀዩን ወደ ላይ ታደርጋላችሁ። ማንም አይጠይቃችሁም፣ ማንም አያስረዳችሁም። እኔ ቀዩን አደረግሁ፤ ማንም አልነካኝም።

ከዚያ ገለጻው መጣ፤ እኔም ጥርሴን ነከስኩ።

«ዛሬ ሰውነታችሁን በኦክስጅን እንሞላዋለን፤ በሴሎቻችሁ ውስጥ የተከማቸውን መርዝ በትንፋሽ እናስወጣለን» አለች። አጠገቤ ያለው ጎልማሳ ራሱን እየነቀነቀ ይሰማል። እጄን ላወጣ ምንም አልቀረኝ፤ እህቴ በክርኗ ጎሰመችኝ። እዚህ ግን የሚጎስመኝ ስለ ሌለ ልናገር። ጤነኛ ሰው ዝም ብሎ ተቀምጦ ሲተነፍስ በደሙ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ተሸካሚ፣ ሄሞግሎቢን፣ ከ95 እስከ 100 በመቶ ኦክስጅን ይዟል። ሙሉ እንስራ ላይ ውኃ ብትጨምሩ በዳር ይፈስሳል እንጂ እንስራው አይበልጥም። በፍጥነት ስንተነፍስ በብዛት የሚለወጠው የሚገባው ኦክስጅን አይደለም፤ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። እሱ ደግሞ ተራ ቆሻሻ ጋዝ አይደለም፤ የደማችንን የአሲድነት ሚዛን ከሚጠብቁት አንዱ ነው። ከመጠን በላይ ሲወጣ ደሙ ወደ አልካላይነት፣ ወደ አሲድነት ተቃራኒ፣ ያዘነብላል፣ ወደ አንጎል የሚሄዱ የደም ሥሮች ይጠባሉ፣ ራስ ይቀልላል። ይባስ ብሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲያንስ ሄሞግሎቢን የያዘውን ኦክስጅን አጥብቆ ይይዛል፤ ለሕዋሳት መልቀቅ ይሰስታል። ይህን በ1904 ያሳየው ዴንማርካዊው ክርስቲያን ቦር ነው፤ የፊዚክሱ ኒልስ ቦር አባት። ስለዚህ በዚያ ምንጣፍ ላይ የሚሰማን ያ ልዩ ስሜት አንጎላችን ኦክስጅን ስለ ጠገበ አይደለም፤ እንዲያውም የሚደርሰው ደም ስለ ቀነሰ ነው። እውነቱ ከተረቱ የበለጠ አስገራሚ ሆኖ ሳለ ተረቱን የሚመርጡት ለምን እንደ ሆነ አይገባኝም።

ተኛን። መሸፈኛውን አጠለቅን። አተነፋፈሱ ቀላል ነው፦ አፍ ተከፍቶ መጀመሪያ ሆድን፣ ቀጥሎ ደረትን መሙላት፣ ከዚያ ሳይገፉ መልቀቅ፤ በመሀል እረፍት የለም። ሆድ፣ ደረት፣ ልቀቅ። ሆድ፣ ደረት፣ ልቀቅ። የመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች አሰልቺ ናቸው፤ ማንም አይዋሻችሁ። አፌ እንደ ብራና ደረቀ። ያልታረሙ የፈተና ወረቀቶቼ ታወሱኝ። የጎረቤቴ ትንፋሽ ከእኔ ይፈጥናል፤ ሳላውቀው ከእሱ ጋር እሽቅድምድም ገባሁ፤ ከዚያ «ቀስ ብለው» የተባልኩት ትዝ ብሎኝ ተውኩት። በአሥረኛው ደቂቃ አካባቢ ሰውነት ራሱ ሥራውን ይረከባል፤ እስከዚያ ድረስ ግን ሥራ ነው፣ ያውም አድካሚ ሥራ።

ሙዚቃው በከበሮ ጀምሮ እየጋለ ሄደ። ድምፅ ማጉያው የእኔ ጆሮ አጠገብ ስለ ነበር ከሌሎች እጥፍ ሰምቻለሁ። ስትመርጡ ከማጉያው ራቅ ያለውን ምንጣፍ ያዙ።

እና እጆቼ። ሲቆለፉ የመጀመሪያ ሐሳቤ «ስትሮክ!» የሚል ነበር። ሁለተኛው ሐሳቤ ኢንሄለሯ ናት። ሦስተኛው፣ ዘግይቶም ቢሆን፣ ከመማሪያ ክፍል መጣ። ደም አልካላይ ሲሆን በደም ውስጥ ያለው አልቡሚን የተባለ ፕሮቲን ነፃውን ካልሲየም ይዞ ያስቀረዋል፤ ነፃ ካልሲየም ሲያንስ ነርቮች ያለ ምክንያት ይተኩሳሉ፣ ጡንቻም ይኮማተራል፤ ከሁሉ ቀድሞ እጅና ከንፈር ዙሪያ። ሐኪሞች ይህን የእጅ ቅርጽ «የአዋላጅ እጅ» ይሉታል፤ ሕፃን ለመቀበል የተዘጋጀ እጅ ስለሚመስል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው ፈረንሳዊ ሐኪም አርማን ትሩሶ በስሙ የሚጠራ ምልክት አለው፤ ካልሲየሙ ያነሰ ሰው የክንዱን የደም ዝውውር ለጥቂት ደቂቃ ሲያግዱበት ይኸው እጅ ብቅ ይላል። ሥዕሉን ስንት ጊዜ ለተማሪዎች አሳይቻለሁ! አሁን ሥዕሉ እኔው ነኝ። ፍርሃቴ በአንድ ጊዜ ወደ ሳቅ ተለወጠ፤ የተቆለፈ ከንፈር መሳቅ ስለማይችል በአፍንጫዬ ፊን ፊን አልኩ። አስተባባሪዋ ያለቀስኩ መስሏት ይሆናል፤ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች፤ ካርዴ ቀይ ስለ ሆነ ግን አልነካችኝም።

መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ትንፋሽን ማዝገም። በአፍንጫዬ ብቻ፣ ማስወጣቱን ከማስገባቱ አስረዝሜ ጥቂት ደቂቃ ስተነፍስ አውራ ጣቴ ከመዳፌ ወጣ። ይህን በገለጻው ጊዜ በአንድ ዐረፍተ ነገር መናገር ይቻል ነበር፤ «እጃችሁ ሊኮማተር ይችላል፣ አትደንግጡ፣ አዝግሙት፣ ይለቃል»። ስለ መርዝ ከተነገረው ሰባት ደቂቃ ላይ ይህን ያህል ቢቆረስ ምን ነበረበት?

ስለ እንባ። «አንዳንዶቻችሁ ታለቅሱ ይሆናል» ተብለን ነበርና ሁሉም እንባውን ይጠብቅ ነበር ማለት ይቻላል። ከማዶ አንዲት ሴት አምርራ አለቀሰች፤ አንዱ ደግሞ እንደ ሕፃን ተንከትክቶ ሳቀ። እኔ አላለቀስኩም። ራእይም አላየሁም፣ ልጅነቴም አልተመለሰም። ከመንጋጋዬ ላይ ግን አንድ ነገር ወረደ። ጥርሴን ነክሼ እንደምኖር አላውቅም ነበር፤ ያወቅሁት ሲለቀኝ ነው። 40 ደቂቃው እንደ 15 ሆኖ አለፈ።

ከሁሉ የበለጠውን ለመጨረሻ አቆይተውት ነበር። ሙዚቃው ዝግ ሲል «አንድ ጊዜ በደንብ አስገቡ፣ ልቀቁት፣ ከዚያ አትተንፍሱ። ሰውነታችሁ ሲጠይቅ ብቻ ተንፍሱ» አለች። ለቀቅሁት። ጠበቅሁ። ሰውነቴ አልጠየቀኝም። ልቤ ይመታል፣ ጆሮዬ ይሰማል፣ ማን እንደ ሆንኩ አውቃለሁ፤ የመተንፈስ ፍላጎት ግን ፈጽሞ የለም። እንዲህ ያለ ጸጥታ በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም። የልቤን ምት ቆጠርኩ፤ ከ90 በኋላ ቁጥሩ ጠፋብኝ። የፊዚዮሎጂ ተመራማሪው ጆን ስኮት ሃልዴንና ባልደረባው ፕሪስትሊ በ1905 ያሳተሙት ሥራ እንዳሳየው፣ በተለመደው ሁኔታ ተንፍስ ተንፍስ የሚለን የኦክስጅን ማነስ ሳይሆን የካርቦን ዳይኦክሳይድ መብዛት ነው። እኔ 40 ደቂቃ ሙሉ ካርቦን ዳይኦክሳይዴን አራግፌአለሁና ደወሉን የሚደውለው ዘበኛ ተኝቷል። 19 ዓመት ያስተማርኩት አንድ መስመር ነበር፤ ከውስጥ ሆኜ ያየሁት ያን ቀን ነው። እህቴ ያለችው ልክ ነበር፤ ይህን እስካሁን አልነገርኳትም።

በዚሁ ምክንያት ይህን ልምምድ ውኃ ውስጥ ወይም ውኃ ዳር፣ ቆሞ ወይም መሪ ጨብጦ መሞከር ሕይወት ያስከፍላል። ደወሉ ሳይደወል ኦክስጅኑ ያልቅና ሰው ራሱን ይስታል፤ ምንጣፍ ላይ የተኛ ሰው ነቅቶ ይነሣል፣ ገንዳ ውስጥ ያለው ግን አይነሣም። ይህም በገለጻው ውስጥ አልነበረም፤ ቤት ሄደው መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ የሚሞክሩ ደግሞ አይጠፉም።

በመጨረሻ ክብ ሠርተን ተቀመጥን። አንዲት ለስላሳ ድንጋይ እጅ በእጅ ትዞራለች፤ ድንጋይዋ የደረሰችው ይናገራል። አንዱ የሞተ አባቱን እንዳገኘ ተናገረ። አልተከራከርኩም፤ የሰው ሐዘን የባዮሎጂ ክፍለ ጊዜ አይደለም። ነገር ግን መናገር ግዴታ መምሰሉ ደስ አላለኝም። ድንጋይዋ እኔ ዘንድ ስትደርስ «እጄ ተቆልፎ ነበር» ብዬ አሳለፍኳት። አራት ሰዎች በአንድ ድምፅ «የእኔም!» አሉ። ሁሉም ለብቻው ፈርቶ ነበር ማለት ነው።

ሰው ሲበተን አስተባባሪዋን ጠብቄ አነጋገርኳት። «ኢንሄለሬን አጠገቤ አድርጊ አልሽኝ፤ ግን በዚያ እጅ ላነሳት አልችልም ነበር» አልኳት። እጇን አየች፤ እሷም ጣቶቿን እንደዚያ አጥፋ ሞከረችው። «ይህን አስቤው አላውቅም» አለች። ሰበብ አልደረደረችም። ስለ ኦክስጅኑም ነገርኳት፤ እዚያ ላይ ትንሽ ተከራከርን፣ አልተስማማንምም።

ያን ምሽት እንደ ድንጋይ ተኛሁ። በማግስቱ በጎድን አጥንቶቼ መካከል ያሉት ጡንቻዎች እንደ ሸክም ሠራተኛ አመሙኝ፤ ቀለል ያለ ራስ ምታትም ነበረኝ፣ ከሰዓት በኋላ ጠፋ። ከክፍሉ እንደ ወጣችሁ መኪና አትንዱ፤ እኔና እህቴ ግማሽ ሰዓት በእግራችን ዞረን ነው ወደ ራሴ የተመለስኩት።

እርጉዝ ከሆናችሁ፣ የሚጥል በሽታ፣ የልብ ሕመም፣ ያልተረጋጋ የደም ግፊት፣ ግላኮማ ወይም የሬቲና መላቀቅ ካለባችሁ፣ በቅርቡ ቀዶ ሕክምና ካደረጋችሁ፣ ወይም ከእውነታ የመነጠል የአእምሮ ሕመም ደርሶባችሁ የሚያውቅ ከሆነ ይህ ፈጣኑ ዓይነት ለእናንተ አይደለም። እንደ እኔ አስም ያለበት ሰው አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ፤ እኔ ሳልጠይቅ ሄጃለሁ፣ ከሁለተኛው በፊት ግን ጠየቅሁ። መረጋጋት ብቻ ለሚፈልግ ሰው ደግሞ ይህ ሁሉ ወከባ አያስፈልገውም። በ2023 ከስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በወጣ ጥናት በቀን 5 ደቂቃ ብቻ፣ በአፍንጫ ሁለት ጊዜ አከታትሎ አስገብቶ በአፍ ረዘም አድርጎ ማስወጣትን ለአንድ ወር የተለማመዱ ሰዎች ስሜታቸው ተሻሽሏል። ይህን ከመምህራን ስብሰባ በፊት እሠራዋለሁ፤ ካርድም ድንጋይም አይጠይቅም።

ለቤቱ ከአምስት ሦስት እሰጠዋለሁ። ሁለቱን የቀነስኩት አንዱን ባልተነበበው ቅጽ፣ አንዱን በመርዙ ገለጻ ነው። ለዚያች የመጨረሻ ጸጥታ ብቻ ቢሆን አምስት እሰጥ ነበር።

ከስድስት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ። በዚህ ጊዜ የተመዘገብኩት በጥንድ ለሚሠራው ነው፤ አንዱ ሲተነፍስ ሌላው ነቅቶ አጠገቡ ይቀመጣል፣ ከዚያ ይለዋወጣሉ። ግሮፍና ባለቤቱም የሚያሠሩት እንዲሁ ነበር። በሩ ላይ አስተባባሪዋ ቅጼን በእጇ ይዛ ጠበቀችኝ፤ አስም የሚለው ቃል ሥር ተሰምሮበታል። ስለ ኦክስጅኑ የተናገረችው ግን ያው ነው። በ15ኛው ደቂቃ አውራ ጣቴ ወደ መዳፌ ሲገባ ተሰማኝ፤ ኢንሄለሯ በእህቴ እጅ ነበረች።